ቀሚስ የለበሱት የባሌ ሰውና መድረኩን የተረከቡት ሴቶች

ስለ ኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ሲወራ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ መድረክ ላይ የወጣችው የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ማን ናት? መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል፤ ክርክሩም ብዙውን ጊዜ አንጋፋ ተዋናይት ባረፈች ሰሞን ይነሣና ሳይቋጭ ይቀራል። የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ግን ከዚያ ጥያቄ ጎን ያለው፣ ብዙም ያልተነካው ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድ በሆነበት ተውኔት ውስጥ እናት፣ ሚስት፣ ጎረቤት ወይም ገረድ ሆና የምትገባው ረዳት ተዋናይት ሥራዋ ከየት ጀመረ? ማንስ መዝግቦ ያዘላት?

ጥያቄው በዚህ መልኩ ሲቀርብ ታሪኩ ከወንድ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ መድረክ «ሴቶች» ወንዶች ነበሩ፤ ከእነርሱም በሕዝብ ዘንድ ስማቸው ጎልቶ የቀረው የባሌው ተወላጅ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ማለትም አባባ ተስፋዬ ናቸው።

ወንድ ልጆች ብቻ የተማሩበት መድረክ

የዘመናዊው ቴአትር መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ በሚገኘው ቴራስ ሆቴል ታየ፤ ንግሥት ዘውዲቱም አገዱት። ተውኔቱ ከላ ፎንቴን ተረቶች የተቀዳ፣ በእንስሳት አፍ ቤተ መንግሥቱንና ሹማምንቱን የሚሸነቁጥ ነበርና የሴት ሚና ማን ይጫወት የሚለው ጉዳይ ገና አልተነሣበትም።

ጉዳዩ የተነሣው ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በጻፉበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ቴአትር የሚሠራው በትምህርት ቤት ነበር። ደራሲው መምህሩ፣ ተዋናዩ ተማሪው፣ ተመልካቹ መኳንንቱና ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ተማሪው ደግሞ ወንድ ነው። የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሆነው እቴጌ መነን የተከፈተው በ1923 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ይህን የዘመን ቅደም ተከተል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ በሚመጣው ክርክር ውስጥ ከብዙ ግምት ይልቅ ሚዛን የሚደፋው እሱ ነው።

በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከነጻነት በኋላ እንደገና ሲቋቋም መልኩ ተለወጠ። ዘፋኝ፣ ተወዛዋዥና መሣሪያ ተጫዋች የሆኑ ሴቶች መድረኩ ላይ ቆሙ። በአንድ ምሽት መርሐ ግብር ሴቲቱ ትዘፍናለች፣ ትወዛወዛለች፤ ቀጥሎ ተውኔቱ ሲጀመር ግን የሚስቲቱን ሚና ወንድ ይዞት ይወጣል። በአንድ መድረክ ላይ የኖሩት እነዚህ ሁለት ደንቦች ለታሪክ ጸሐፊው ትልቅ ፍንጭ ናቸው።

ከባሌ የመጡት «ሴት»

ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም. በባሌ፣ ጎባ አካባቢ፣ ከዱ በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። አገሩ የሚያውቃቸው በቴሌቪዥን የልጆች ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለ42 ዓመታት ገደማ ተረት ነግረው፣ ምትሃት አሳይተው፣ ትውልድ አሳድገዋል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የተጻፈው የስንብት ጽሑፍ አብዛኛው ያንን ያወሳ ነበር። የመድረክ ሕይወታቸው በአንድ ሁለት መስመር ታለፈ።

የመድረክ ሕይወታቸው ግን ከቴሌቪዥኑ በፊት የነበረ ነው። ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ክፍል፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው) ሠርተዋል፤ የቃኘውን ሻለቃ ለማዝናናት እስከ ኮሪያ ዘልቀዋል። ሴት ተዋናይ ባልነበረበት በዚያ የመጀመሪያ ጊዜ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል።

ይህን እንዴት እንመዝነው? ሁለት አመለካከት አለ። አንደኛው እንደ ማሟያ ያየዋል፤ ሴት ስለጠፋ ወንድ ገባ፣ ሴት ስትመጣ ወንዱ ወጣ፣ አለቀ። ሁለተኛው ራሱን የቻለ የትወና ጥበብ አድርጎ ይወስደዋል። በጃፓን የካቡኪ ቴአትር የሴት ሚና የሚጫወቱ ወንዶች ዕድሜ ልካቸውን የሚሠለጥኑበት ሙያ ነው፤ በእንግሊዝም እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ የሼክስፒርን ሴቶች የተጫወቱት ወጣት ወንዶች ነበሩ። የሕንድ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም «ራጃ ሀሪሽቻንድራ» በ1913 እ.ኤ.አ. ሲሠራ ንግሥቲቱን የተጫወተው አና ሳሉንኬ የተባለ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረ ወንድ ነው።

የኢትዮጵያው ጉዳይ ከሕንዱ ጋር ይቀራረባል፤ ከጃፓኑ ግን ይርቃል። የሴት ሚና የሚጫወት ወንድ የሚሠለጥንበት ወግ እዚህ አልነበረም፣ አልተፈጠረምም። ሆኖም የ«ማሟያ» አመለካከት አንድ ነገር ይስታል። አንድ ተዋናይ ለዓመታት የእናትን አነጋገር፣ የባልቴትን አረማመድ፣ የሙሽራን ዕፍረት ሲያጠና ከኖረ ያ ትምህርት ሚናው ሲነጠቅ አብሮ አይጠፋም። በልጆች ጊዜ ተረቶች ውስጥ የአባባ ተስፋዬ ድምፅ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከጅብ ወደ ጦጣ ያለ ችግር ሲሻገር የሰማ ሰው፣ ልምምዱ የት እንደተጀመረ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ እንደ ማስረጃ አላቀርበውም።

ማን ቀደመች?

ከሴቶቹ ወገን ሁለት ስሞች ይነሣሉ፤ አስናቀች ወርቁና ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ።

ለአስናቀች የሚቀርበው ማስረጃ «የፍቅር ጮራ» የተባለው ተውኔት ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ሥራ መድረክ ላይ ወጣች፤ ወንዶች ይጫወቱት የነበረውን የሴት ሚና ከያዙት ሴቶች መካከል ቀዳሚ የሚያሰኛትም ይኸው ነው። ሰላማዊትን የመጀመሪያዋ የመድረክ ተዋናይት የሚሏት ደግሞ ጥቂት አይደሉም፤ በቴአትር ሰዎች ዘንድ ይህ ማዕረግ ከስሟ ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል።

ሁለቱን ወገኖች ከማጋጨት በፊት መለየት ያለበት ነገር አለ። «የመጀመሪያዋ» ማለት መድረክ ላይ የቆመች ማለት ከሆነ፣ ከሁለቱም በፊት የሀገር ፍቅር ዘፋኞች አሉ። በተውኔት ውስጥ ቃል የተናገረች ከሆነ ሌላ ነው። ዋና ሚና የያዘች ከሆነ ደግሞ ሌላ። ትወናን በቋሚ ደመወዝ የያዘች፣ ሙያዬ ብላ የኖረችበት ከሆነ አራተኛ ጥያቄ ይሆናል። አራቱ ጥያቄዎች አራት የተለያዩ ሴቶች ሊያመጡ ይችላሉ፤ ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚጋጩትም አንዱ የመጀመሪያውን፣ ሌላው የአራተኛውን መልስ ይዞ ስለሚቆም ነው።

የአስናቀች ጉዳይ ሌላ እጥፋት አለው። ዛሬ ስሟ ሲጠራ ትዝ የሚለው ክራሯ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አሥራ ስድስተኛ አልበም የእርሷ ብቻ ነው፤ መጠሪያውም የክራር እመቤት ያደርጋታል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። ለብዙ ዓመታት የብሔራዊ ቴአትር ተዋናይት የነበረችው አስናቀች ግን በጆሮ እንጂ በዓይን የተረፈላት ጥቂት ነው። ሸክላና ካሴት ዘፈኑን ያዙ፤ ትወናውን የሚይዝ ግን አልነበረም። የአንድ ሰው ሁለት ሙያ ሆኖ አንዱ በቴክኖሎጂ ዕድል ሲተርፍ ሌላው በቴክኖሎጂ እጦት ጠፋ።

ነውር፣ ተቋም ወይስ ድርሰት

ሴቶች ለምን ዘገዩ? ለሚለው ሦስት ማብራሪያ ይሰጣል።

በስፋት የተለመደው ነውርን ይጠቅሳል። መድረክ ላይ የምትቆም ሴት እንደ አዝማሪ፣ ከዚያም ብሶ እንደ ቡና ቤት ሴት ትታያለች፤ ቤተሰብ አይፈቅድም፤ ራሷም ትፈራለች። ለዚህ ማስረጃ አይጠፋም፤ የመጀመሪያዎቹ ተዋናይት ሴቶች የደረሰባቸው ስድብና መገለል በቃል ሲነገር ኖሯል። ነገር ግን ማብራሪያው ብቻውን አይቆምም። ነውሩ ሙሉ ኃይል ቢኖረው ኖሮ ዘፋኞቹም አይቆሙም ነበር። ሴት በአደባባይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሰው ፊት ሚና ይዛ መቆሟ ራሱ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አልነበረም። በሰሜን ሙሾ አውራጇ አለች። በባሌና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ሴቶች ሲንቄ የተባለ በትራቸውን ይዘው አቴቴ ለተባለው ሥርዓት ይወጣሉ፤ ሴት በተደፈረች ጊዜ በዳዩ ደጅ ተሰልፈው ያዜማሉ፣ ይረግማሉ፣ እርቅ እስኪወርድም አይመለሱም። በድሬ ሼክ ሁሴን ዝየራም ሴቶች ከምዕመኑ ጋር ያወድሳሉ፣ ያዜማሉ። ይህ ሁሉ ቴአትር ነው አልልም፤ አቴቴን ተውኔት ብሎ መጥራት ክብደቱን ማቃለል ይሆናል። ግን «ባህሉ ሴትን ከአደባባይ አጥፍቶ ነበር» የሚለውን ጥቅል አባባል ያፈርሰዋል።

ሁለተኛው ማብራሪያ ተቋምን ይዞ ይነሣል፤ እኔም ወደዚህኛው አደላለሁ። ቴአትር የተወለደው ወንድ ልጆች ብቻ በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ቃል የሚያጠናው ማንበብ የሚችል ነው፤ ማንበብ የሚችለውም ወንድ ነው። ሴቶች በዘፈን በኩል ቀድመው የገቡት ዘፈን በጆሮ ስለሚጠና ነው። ወደ ትወና የተሻገሩትም በዚያው በር ነው፤ አስናቀች ራሷ ክራር ያዥ፣ ድምፃዊትም ነበረች። ይህ ማብራሪያ ከላይ ያየነውን የሀገር ፍቅር ምሽት፣ ዘፋኟ ሴት፣ «ሚስቲቱ» ወንድ የሆነበትን እንግዳ አሠራር ይፈታዋል። ነውር ግን አይፈታውም።

ሦስተኛው ማብራሪያ ጣቱን ደራሲዎቹ ላይ ይቀስራል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩ ሲመረቅ የታየው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ታሪኩ የተነሣው በቤርሳቤህ ምክንያት ነው፤ የምትፈለገው እርሷ፣ ባሏ የሚሞትባት እርሷ፣ ንጉሡ የሚበድልባት እርሷ። ርዕሱ ላይ ግን ሁለት ወንዶች ብቻ አሉ። ሴቲቱ ታሪኩን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ታሪኩ የእርሷ አይሆንም። በዚያ ዘመን ድርሰት ውስጥ ሴት በሁለት መልክ ስትመጣ ይታያል፤ ወይ የወንዶች ጠብ መነሻ ሆና፣ ወይ የአገር ምሳሌ ሆና። ሁለቱም ለተዋናይት ጠባብ ናቸው። የመንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች፣ በተለይ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» ይህንን ሰበሩ፤ በእነርሱ ውስጥ ሴቶች ይከራከራሉ፣ ያሾፋሉ፣ ነገር ይሸርባሉ። ጎበዝ ረዳት ተዋናይት መድረኩን ከዋናው ተዋናይ ነጥቃ የምትይዝበት ክፍተት የተገኘው በኮሜዲ በኩል ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሦስቱ ማብራሪያዎች እርስ በርስ አይጠፋፉም። ነውሩ ከቤት የምትወጣውን ሴት ቁጥር ቀነሰ፤ ተቋሙ በየትኛው በር እንደምትገባ ወሰነ፤ ድርሰቱ ከገባች በኋላ እስከ የት እንደምትደርስ ገደበ።

ሆሊውድ ያስቀመጠው መለኪያ

«ረዳት ተዋናይት» የሚባለውን ማዕረግ ለዓለም ያስተዋወቀው የአሜሪካ ሲኒማ ነው። ጅምሩ ግን ከእኛው ብዙም አይሻልም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፊልም ሠሪ ኩባንያዎች የተዋናዮቻቸውን ስም ይደብቁ ነበር፤ ስም ያወጣ ተዋናይ ደመወዝ ይጨምርልኝ ይላል ብለው ስለሚፈሩ። ፍሎረንስ ሎውረንስን ሕዝቡ የሚያውቃት «የባዮግራፍ ልጅ» በሚል የኩባንያ ቅጽል ነበር፤ በስሟ መታወቅ የቻለችው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው።

የኦስካር አካዳሚ ለረዳት ተዋናዮች ሽልማት የጀመረው ለ1936 እ.ኤ.አ. ፊልሞች ነው፤ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ጌል ሶንደርጋርድ ናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ረዳቶቹ ሙሉውን ሐውልት አያገኙም፤ የሚሰጣቸው በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ አነስ ያለ ምስል ነበር።

ከተሸላሚዎቹ ሁሉ ታሪኳ በሰፊው የሚነገረው ሃቲ ማክዳንኤል ናት። በ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ገረድ ሆና ተጫውታ በየካቲት 1940 እ.ኤ.አ. ኦስካርን የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ በዚያች ምሽት ግን ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተለይታ በሌላ ጠረጴዛ ነው የተቀመጠችው። የጥቁሮች መብት ድርጅት መሪዎች ገረድ መጫወቷን ሲነቅፉ፣ ደጋፊዎቿ ሌላ በር በሌለበት ገብታ ጥበብ አሳየች ብለው ተከራከሩላት። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ አዲስ አበባ ላይ ስለ ገረድ ሚና ከሚነሣው ጋርም ይመሳሰላል። ሽልማቷ ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ እዚያው ጠፋ፤ አካዳሚው ምትኩን ያስረከበው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው።

ካሜራው ሲመጣ

የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ገደማ ተሠራ፤ ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ፣ ዝግጅቱ የግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነው። እዚህ ላይ ሴቲቱ ርዕሱን ይዛለች፣ ጥያቄው ግን ስለ አባቷ ነው። ከቤርሳቤህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

የውጭ ካሜራ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው የሆሊውዱ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በከፊል በኢትዮጵያ ሲቀረጽ ደበበ እሸቱ የታወቀ ረዳት ሚና አገኘ። አለሜ የተባለችውን የአገሩን ወጣት የተጫወተችው ግን አሜሪካዊቷ ቮኔታ ማክጊ ናት። ኢትዮጵያዊ ወንድ ከኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያዊት ሴት ከአሜሪካ። በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ ቢያንስ ሃያ ዓመት የሆነው የሴቶች ትወና እንደነበረ ስናስታውስ፣ ጉዳዩ የተዋናይት እጥረት ነበር ለማለት ይከብዳል። የገበያ ስሌት ነው።

የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» (2008 እ.ኤ.አ.) ሌላ መንገድ ይዟል። ታከለች በየነ የተጫወተቻት እናት በቃል ብዛት ረዳት ናት፤ ከጀርመን ቆስሎ የተመለሰው ልጇ ታሪኩን ይይዘዋል። ነገር ግን የፊልሙ የስሜት ክብደት ያረፈው እርሷ ላይ ነው። «ጤዛ» በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዋጋዱጉም ታላቁን ሽልማት ወስዷል። ከዋና ሚና ጋር ሳይፎካከር ፊልም የሚሸከም የረዳት ሚና እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት ከዚህ የተሻለ የእኛ ምሳሌ አላውቅም።

ዛሬ የሚያከራክረው

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የጉማ የፊልም ሽልማት ለረዳት ተዋናይት የራሷን ዘርፍ ሰጥቷል። ዘርፉ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ማን እንደሚገባበት ግን የትም አገር ያልተፈታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ሩት ነጋ በ«ሎቪንግ» ለኦስካር የታጨችው በዋና ተዋናይትነት ነው፤ በ«ፓሲንግ» ከታሪኩ ሁለት ምሰሶዎች አንዷ ሆና ሳለ የጎልደን ግሎብ ዕጩነት የተሰጣት በረዳት ዘርፍ ነበር። ዋናና ረዳት የሚለየው በሚና ርዝመት ነው? በክብደት ነው? ወይስ አዘጋጆቹ የትኛው ዘርፍ ያዋጣናል ብለው በሚወስኑት?

እዚህ ያለው ሁለተኛ ጉዳይ ሚናው ራሱ ነው። በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማዎች ረዳት ተዋናይት ከፊልም ይልቅ ረጅም ዕድሜና ቋሚ ገቢ ታገኛለች፤ በአንጻሩ በአንድ ዓይነት ሰው ውስጥ ትታሰራለች። አንዴ ነገረኛ ጎረቤት የሆነች ለዓመታት ነገረኛ ጎረቤት ናት። የቤት ሠራተኛዋ ሚና ደግሞ ከክፍለ አገር በመጣ አነጋገር ሳቅ እንድትፈጥር ይፈለጋል። የባሌ ወይም የአርሲ ሰው አማርኛ በድራማ ውስጥ ሲሰማ ተናጋሪው ዳኛ ወይም ሐኪም ሆኖ ማግኘት ብርቅ ነው። ተከላካዮቹ ኮሜዲ ከአነጋገር ውጭ አይኖርም ይላሉ። ይህ በግማሹ እውነት ነው፤ የመንግሥቱ ለማ ሳቅ ግን ከገጸ ባሕርይዋ ብልጠት እንጂ ከአነጋገሯ መሳሳት የሚመነጭ አይደለም።

ሦስተኛው የመዝገብ ጉዳይ ነው። «የመጀመሪያዋ ማን ናት» የሚለውን ክርክር ሊፈታ የሚችለው የስንብት ጽሑፍ አይደለም፤ የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ የማዘጋጃ ቤትና የሀገር ፍቅር የመርሐ ግብር ወረቀቶች፣ የደመወዝ መዝገቦችና የግድግዳ ማስታወቂያዎች ናቸው። የደመወዝ መዝገብ በተለይ ይጠቅማል፤ ሰውዬው በወሩ መጨረሻ የፈረመው በዘፋኝነት ይሁን በተዋናይነት ያሳያልና። እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ሲዘጋጅ አንድ ውሳኔ ይጠብቃል፦ በሴት ሚና ዓምድ ሥር፣ ከአስናቀችና ከሰላማዊት በላይ ባሉት መስመሮች፣ ተስፋዬ ሳህሉና መሰሎቻቸው ይግቡ ወይስ አይግቡ? ዓምዱ የተዋናዩን ጾታ የሚቆጥር ከሆነ አይገቡም፤ ሚናውን የሚቆጥር ከሆነ ቀዳሚዎቹ እነርሱ ናቸው።